«ጠንከር ያለውን አልኮል ስጪኝ»

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ሰፈሩ ግንባታ ስለማይለየው አመሻሽ ላይ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ቆርቆሮ የቆረጠው ወይም ፌሮ የቧጠጠው የቀን ሠራተኛ ነው። «ዶክተር» ይሉኛል፤ ፋርማሲስት ነኝ ማለት ሰልችቶኛል። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ጠንከር ያለውን አልኮል ስጪኝ።»

አልሰጥም። 96 ፐርሰንቱ የሚበረታ ይመስላል እንጂ ጀርም በመግደል 70ው ይበልጠዋል። አልኮል የጀርሙን ፕሮቲን ያረጋል፤ እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚነጣው። ለዚህ ግን ውሃ ይፈልጋል፣ 96ቱ ደግሞ ውሃ ያንሰዋል፤ በዚያ ላይ ቶሎ ይተናል። 70ውም ቢሆን ለእጅና መርፌ ለሚወጋ ቆዳ ነው፤ ክፍት ቁስል ላይ ማፍሰስ ሥጋውንም ማቃጠል ነው።

እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን ታጠቡ። ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ሙሉና ክዳኑን በጋለ መርፌ ብሱት፤ ጨመቅ ስታደርጉት ቀጭን ውሃ በኃይል ይወጣል። ሲሚንቶና ጭቃውን ጠርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። አንዱን ጨርሱ፣ ካልጠራ ድገሙ። በሳሙና የሚታጠበው የቁስሉ ዙሪያ ነው። አዮዲን ጀርሙን ከቆሻሻው አይለይም፤ ደምና ጭቃ ካገኘ እነሱ ላይ ያልቃል። ከታጠበ በኋላ 10 ፐርሰንቱን ፖቪዶን አዮዲን በንጹሕ ጎዝ ቀቡና እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቡናማው ቀለም ከደበዘዘ አዮዲኑ አልቋል ማለት ነው። የታይሮይድ ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ላይ ግን ሳትጠይቁ አትቀቡ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ሰው ይወደዋል፣ ሲሠራ ይታያላ! አረፋው ግን ደምና ሥጋ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲሰብረው የሚወጣ ኦክስጅን ነው፤ ቁስሉ ንጹሕም ቢሆን ይፈላል። የልጄን ጉልበት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት አፈላሁት። ጠርዙ እየነጣ አልገጥም አለ፤ ለካ አዲሱን ሥጋ የማጠፋው እኔው ነበርኩ። ተውኩት፣ ገጠመ።

በረኪና ለወለል ነው፣ አበቃ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ደግሞ አትደባልቁት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ምስማር ከወጋችሁ ወይም ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ እኔ ጋ አትቆዩ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ጠይቁ። ውሻ ከነከሰ ግን ቁስሉንም ራሱን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ ጭረት ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን ሂዱ። ባለፈው አንድ ልጅ ንክሻው ላይ ቡና ተነስንሶበት መጣ። ዱቄቱን ማስለቀቁ ብቻ ሁለት ሃይላንድ ፈጀ።