የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራ ምን ይደረጋል?

ዳሽቦርድ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት ቢጫ የጎማ ምልክት ሲበራ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መብራቱ እንዲበራ የሚጠበቀው ጎማው ሊኖረው ከሚገባው ንፋስ ሩቡን ሲያጣ ነው፤ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚያስፈልገው ጎማ 24 ደርሷል እንደማለት ነው። ይህን ያህል ጉድለት በዓይን አይቶ መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጎማውን በእግር መታ አድርጎ “ደህና ነው” ማለት አያዋጣም።

በመጀመሪያ አበራሩን ይመልከቱ። ሞተሩ ሲነሳ በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ መሣሪያው ራሱን እየፈተሸ ነው፤ ሳይጠፋ ከቀረ ንፋስ ጎድሏል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ የሚቀር ከሆነ ግን የተበላሸው ራሱ የመቆጣጠሪያው ሥርዓት ነው፤ እስኪጠገን ድረስ ንፋሱን በእጅ መለኪያ መከታተል ግድ ይላል።

እየነዱ ሳለ ከበራ ፍሬን በድንገት ሳይረግጡ ፍጥነት ቀንሰው አመቺ ቦታ ላይ ይቁሙ። ሚስማር ተሰክቶ ካገኙ አይንቀሉት፤ ቀዳዳውን ይዞ ያቆየው እሱ ሊሆን ይችላል። ጎማው ከተኛ በስኮርታው ይቀይሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። ትክክለኛው መጠን የተጻፈው በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ሲሆን፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች መጠን ሊለያይ ይችላል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አይሙሉ። በር ላይ ያለው ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት ሳይነዳ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ንፋሱ በ2 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በብርዳማ ጠዋት የበራው መብራት ጎማው ሲሞቅ ሊጠፋ ይችላል፤ ጉድለቱ ግን እዚያው ነው። በሞቀ ጎማ ላይ ንፋሱ በዛ ብለው አያስተንፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል።

ለዚህ ሥራ የራስዎ መለኪያ ቢኖርዎት እመክራለሁ፤ የጋራ መንፊያ ላይ ያለው ሁልጊዜ አያስተማምንም። መለኪያውን ቫልቩ ላይ ቀጥ አድርገው ይጫኑ። ፉጨት ከተሰማ በደንብ አልተገጠመምና ንባቡን አይመኑ። ነፍተው ሲጨርሱ ቫልቩን በሳሙና ውኃ ያርጥቡት፤ አረፋ ከወጣ ያስተነፍሳል።

ቸርኬው ውስጥ ሴንሰር ባለው መኪና መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ጎማው ከሚሽከረከርበት ፍጥነት ተነስቶ ንፋሱን የሚያሰላው ዓይነት ግን ዳግም ማስጀመሪያ ቁልፉን መጫን ይፈልጋል። ሁሉም ጎማዎች ልካቸውን ሳያገኙ ቁልፉን መጫን አደገኛ ነው፤ መኪናው የጎደለውን ንፋስ እንደ ትክክለኛ ልክ ይመዘግበዋል።

ያው ጎማ በቀናት ውስጥ ደግሞ ከጎደለ ጎሚስታ ዘንድ ይውሰዱት፤ ጎማውን ከቸርኬው ከማላቀቁ በፊትም ቫልቩ ሥር ሴንሰር ካለ ይንገሩት።