ሌሊት በራሱ የሚጮኸው የመኪና አላርም

ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ከገባ ወዲህ የመኪናችን አላርም ሌሊት ሌሊት በራሱ ይጮህ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንቅልፍ አጣ። «ሳይረኑን ቁረጠውና ተገላገል» ያለኝም አለ። ጎጃሜ ትዕግሥተኛ ነው ያለው ማነው!

መጀመሪያ ባትሪውን ለካሁ። የደከመ ባትሪም አላርም ያስጮሃልና። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ደህና ነው። መኪናው ሲነቃነቅ አላርሙን የሚያስነሣውን የንዝረት ሴንሰርም በትንሽ በትልቁ እንዳይነሣ ንቃቱን ዝቅ አደረግኩት። ለውጥ የለም።

ጥፋቱ የተገኘው ኮፈኑ ሥር ካለችው ትንሽ ስዊች ነው። ኮፈኑ ሲዘጋ ትጫናለች። ሲከፈት ደግሞ ብቅ ብላ ሽቦዋን ከቦዲው ጋር ታገናኛለች፤ አላርሙም ይነሣል። የእኛዋ ውኃና ጭቃ ገብቶባት ዝጋለች። ኮፈኑ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶም ለአላርሙ «ተከፍቷል» ትለዋለች። ዝናብ ባለ ቁጥር የሚብሰውም ለዚሁ ነው።

ለማረጋገጥ ሽቦዋን ነቅዬ፣ ጫፉን በቴፕ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጭጭ!

በብርጭቆ ወረቀት ባጸዳትም ስፕሪንጓ ላልቷል። ስለዚህ በአዲስ ቀየርኳትና ሽቦውን መለስኩት። ነቅሎ መተውም ይቻል ነበር፤ ግን ባትሪ የሚሰርቅ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው።