ለክፉ ቀን ሦስት ጀሪካን

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሲሞላ እኛ ቤት የነበረው ውሃ አንድ ባልዲ ብቻ ነበር። እሱም ክዳን የለውም። ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ሲነጋ ሰፈሩ ሁሉ ውሃና ጭቃ ነው፤ የሚጠጣ ግን ጠብታ የለም። ቧንቧው ደርቋል፣ ባልዲያችን ደለል ገብቶበታል። ከላይኛው ሰፈር አንዲት እናት ሁለት ጀሪካን በጋሪ አስጭነው መጡና በጣሳ እየሰፈሩ አደሉን። ታናሽ ወንድሜ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጠጣ አሁንም ፊቴ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ መጠባበቂያ ውሃ ጠፍቶበት አያውቅም።

ስንት ይበቃል? ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። መጠጡም፣ ምግቡም፣ እጅና ፊት መታጠቢያውም ከዚያው ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከዚህ አይቀንስም። እኛ 5 ነን። ለ3 ቀን 60 ሊትር ያስፈልገናል፤ ባለ 20 ሊትር 3 ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ ጀምሩ። ሲመቻችሁ 7 አድርሱት፣ ለሳምንት ይሆናል። የምታጠባ እናት ወይም የታመመ ሰው ካለ ጨመር አድርጉ።

ጀሪካኑን ስትመርጡ አትቸኩሉ። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫው ጥሩ ነው። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም የተባይ መድኃኒት የያዘውን ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ፕላስቲኩ ይመጠዋል፤ መቶ ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም። እኔ ከቀፊራ ገበያ ያገለገለ ጀሪካን ስገዛ እዚያው ከፍቼ አሸተዋለሁ። ቤት አምጥቼ ደግሞ ውሃ ሞልቼ፣ ዘግቼ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ። ማታ ስከፍተው የሆነ ሽታ ከመጣ ለመጠጥ አይሆንም። ካልሸተተ አጋድሜ አየዋለሁ። ክዳኑ ጋ ካንጠባጠበ ክዳኑን እቀይራለሁ።

እጥበቱ እንዲህ ነው። ውሃ፣ ሳሙናና አንድ እፍኝ ንጹህ ጠጠር አስገቡና በደንብ ናጡት። እጅ የማይደርስበትን ጥግ ጠጠሩ ይፈትገዋል። ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁ። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሩና ውስጡን ሁሉ፣ ክዳኑንም ጭምር አዳርሱት። ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ ድፉትና ይድረቅ። በረኪናው ሽቶ የሌለው፣ ቅርብ ጊዜ የተገዛ ይሁን፤ በኛ ሙቀት ቶሎ ይደክማል።

ውሃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያውን ድፍርስ አሳልፋችሁ ጥርት ሲል ቅዱ። አፉ ድረስ ሙሉትና ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉት። ከቆየ በኋላ ታች ነጭ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። የድሬ ውሃ ኖራማ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ላይ የሚጋገረው ያው ነው።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር። ውሃ አስቀምጡ ስል ክደኑ ማለቴ ነው። በ2011 ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ ልጄም ታማ ነበር። ከአልጋዋ ተነስታ ሽንት ቤት የምትደርሰው ግድግዳ ይዛ ነው። የዚያን ሰሞን ግቢያችን ያለውን በርሜል አጎንብሼ ሳየው ውሃው ውስጥ ክር የሚያክሉ ነገሮች እየተወዛወዙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። የትንኝ እጭ ነው። ያቺ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳትም የምታስተላልፈው እሷ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ከፍ ብሎ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ደርቆም ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜል ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። በሳምንት አንዴ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። ሮቶ ያላችሁም ክዳኑን እዩ፤ ለትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ ወንፊት እሰሩለት። በ2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬ ወባ ሲነሳ ከበሽታው ጋር የተያያዘችው ስቴፈንሲ የምትባለዋ የወባ ትንኝም የምትራባው እንዲህ ባለ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው።

ጀሪካኖቹን ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታ፣ ከጋዝና ከቀለም አርቃችሁ አስቀምጡ። ወንዝ ዳር የምትኖሩ ወለል ላይ አታድርጉ። እኔ በብሎኬት መደብ አሠርቼላቸዋለሁ። ባለ 5 ሊትርም ሁለት ይኑራችሁ። ጎርፍ መጣ ሲባል ልጅ ያዘለ ሰው 20 ኪሎ አያነሳም። የጎርፍ ውሃ የነካውን ጀሪካን ከመክፈታችሁ በፊት ውጪውንና ክዳኑን በሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና እጠቡት።

ያስቀመጣችሁት አልቆ ሌላ ውሃ ከቀዳችሁ አጣሩና አፍሉት። ድሬ ላይ ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ሲቆይ ይበቃል። ማገዶ ከሌለ ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ ባለ 5 በመቶ በረኪና አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዙለት። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ካላችሁ መለያው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ። ፀሐያችንም ይሠራል፦ ጥርት ያለ ውሃ በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ ቆርቆሮ ላይ 6 ሰዓት አስተኙት። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ ግን ማፍላትም በረኪናም አያድነውም። ለመጠጥ አትንኩት።

በየጀሪካኑ ላይ የተሞላበትን ቀን በፕላስተር ጻፉ። በየ6 ወሩ መቀየር ይበቃል ይባላል። እኔ ለሙቀቱ ብዬ በየ3 ወሩ እቀይራለሁ፦ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት፣ ሰኔ። አሮጌው ልብስ ይታጠብበታል፤ የተረፈው ግቢያችን ላለችው የዘይቱን ዛፍ ይሄዳል።