በግ አገዛዝ፣ ከመንዝ አርቢ ልጅ

እኔ ምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ አባዬ ግን እስካሁን መንዝ በግ ያረባል፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ታድያ ጎረቤቱ ሁሉ "ና እስቲ ሾላ ገበያ አብረን እንሂድ አንተ ታውቃለህ" ስለሚለኝ ዘንድሮ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ከዋዜማው ሁለት ሶስት ቀን ቀደም ብላችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ዋዜማ ላይ ዋጋውም ሰዉም ያብዳል። ሆዱ ትልቅ ነው ብላችሁ ደሞ እንዳትሸወዱ፣ ጨው ልሶ ውሃ ጠጥቶ የተነፋ በግ ማታ ግቢ ሲገባ ግማሽ ይሆናል።

ዋናው እጅ ነው። አባዬ በግ "አየሁ" አይልም፣ "ዳበስኩ" ነው ሚለው። የመንዝ በግ በተለይ አገሩ ብርድ ስለሆነ ፀጉሩ ረጅም ነው፣ ቴሌግራም ላይ በፎቶ ሲለቁት ወይፈን ያክላል፣ እጅ ስታስገቡ ግን አጥንት። ስለዚህ በግራ እጃችሁ አገጩን ያዝ አድርጋችሁ በቀኙ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን ሽንጡን ተጫኑት፣ የጀርባ አጥንቱ እንደ ጣት አንጓ እጃችሁን ከቆረቆራችሁ ከሲታ ነው፣ ጫን ብላችሁ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ስጋ አለው። ቀጥሎ ላቱ። የመንዝ በግ ላት አጭር ነው፣ ጫፉ ወደላይ ቀልበስ ይላል፣ ከሌላ አገር በግ ረጅም ላት ጋር እያወዳደራችሁ "ይሄማ ላት የለውም" አትበሉ፣ ሞልቶ ጠንከር ማለቱን ነው ማየት፣ እንደ ባዶ ከረጢት ከተንጠለጠለ ተዉት።

ጥርስ ማየት ብዙ ሰው ይፈራል። የላይኛው የፊት ጥርስ እኮ የለውም፣ ከታች ስምንት ብቻ ነው። ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ ገና ጠቦት ነው፣ መሀል ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ከሆኑ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል፣ አራት ሲሆኑ ወደ 2 ዓመት፣ ስምንቱም ከተቀየሩ ወደ 4 ዓመት ገደማ። ለጥብስ ሁለት ጥርስ ይበቃል፣ ለወጥ በሰል ያለ ሙክት ነው እኔ ምመርጠው። የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ቀላ ካለ ጤነኛ፣ ነጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትል ደሙን ጨርሶታል። አገጩ ስር ያበጠ ወይ ከኋላው በተቅማጥ የቆሸሸ ካለ በነፃ ቢሰጧችሁም እለፉት።

ሻጩ ራሱ አርቢ ይሁን ነጋዴ ማወቅ ከፈለጋችሁ "አባቴ፣ ስንት ክረምት አየ?" በሉት። አርቢ ከሆነ ሳያስብ ይመልስላችኋል፣ እናቱንም ይነግራችኋል፣ ነጋዴው "ገና ልጅ ነው ውሰደው" ነው ሚለው። አርቢ ካገኛችሁ ተከራከሩ ግን ሙልጭ አታርጉት፣ እኛ ቤት የመስከረም በግ ደብተርና ዩኒፎርም ነበር፣ የፋሲካው ደሞ ማዳበሪያ። ለያንዳንዳችን ግልገል ተሰጥቶን ስለነበር የኔ በግ የተሸጠ ቀን ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር፣ እናቴ ናት አዲሱን ጫማ አልጋ ስር አስቀምጣ ያስታረቀችን።

ሌላው ሰው ማያውቀው፣ ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ስለሚሸጥ መንጋው ውስጥ ዘር ሚጥለው የቀረው ደካማው ነው ሚሆነው። ለዛ ነው በኛ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢካርዳ ሚባለው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር መንዝ ላይ አርቢዎቹን በማህበር አደራጅቶ ምርጥ አውራ እየመረጡ በጋራ እንዲያስጠቅሱ ያደረገው። አባዬም ስልክ ላይ ቆንጆ አውራ አሳይቶኝ "ይሄ አይሸጥም" ይለኛል፣ ልጁ ነኝ እኮ!

ገዝታችሁ ስትመለሱ ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አራት እግሩን አስራችሁ አታጋድሙት፣ ከኋላ ይቁም። ቤት እንደገባ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ድርቆሽ። ብዙ ፉርሽካና የተረፈ እንጀራ በአንዴ ከደፋችሁለት ሆዱ ይነፋና ሌሊት ሊሞትባችሁ ይችላል፣ ባለፈው ዓመት ከኛ ፎቅ በታች ያሉት ሰዎች ላይ ደርሷል፣ የዋዜማ ሌሊት። ፉርሽካ ከፈለጋችሁ በጭብጥ ጀምሩ። ከመታረዱ 12 ሰዓት በፊት መኖ አቁሙ፣ ውሃ ግን አትከልክሉት። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ደረጃ ላይ አትሰሩት፣ ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ ግቢ ጥላ ያለበት ጋ፣ ገመዱም እንዳያንቀው አንገቱ ላይ ሚጠብቅ ቋጠሮ አይሁን።