ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን አትተዉት

ብሩሹ ላይ ደም ሲያዩ በጣት ማሸት የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ግን ድድ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በደንብ ስላልጸዳ ነው። እዚያ የተጠራቀመው ነገር በቀናት ውስጥ እየጠጠረ ድንጋይ ይሠራል፣ ድንጋዩን ደግሞ ምንም ብትፈትጉት አይነሳም፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ ማሳጠብ ነው እንጂ። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ግዙ። ወደ ድዱ ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በትንንሹ እያዞራችሁ ለሁለት ደቂቃ ቦርሹ። ጠዋትና ማታ። ማታ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው በምንም ምክንያት አይዘለል።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከል ማዕድን) ያለው ይሁን፤ መጠኑ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (በሚሊዮን ውስጥ ያለ ድርሻ)፣ ጀርባው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉና ተዉት። በውሃ ከተጉመጠመጣችሁ ፍሎራይዱም አብሮ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሰው መቼም ደስ የሚል ምክር ነው።

መፋቂያስ? ፒያሳ ላይ ልጆች ይዘው የሚዞሩት መፋቂያ የሚናቅ አይደለም፣ ጫፉን አኝኮ አለስልሶ ለሚፍቅበት ሰው የፊት ጥርስን በደንብ ያጸዳል። የመንጋጋውንና የውስጡን ጎን ግን በቀላሉ አይደርስበትም፣ ፍሎራይዱም የለም። ቀን ቀን ፋቁበት፣ ጠዋትና ማታ ግን ብሩሽ። ከቁርጥ በኋላ ስቴኪኒ ይዞ ድድ መውጋትም ይቅርብን፤ የጥርስ ክር ይሻላል፣ ፋርማሲ ጠይቁ።

አሁን ወደ ማኪያቶው። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ መስሎን እንሸወዳለን፤ ስንት ጊዜ አፋችን እንደገባም ወሳኝ ነው። ጠዋት ማኪያቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ሻይ፣ ከምሳ በኋላ ለስላሳ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሌላ ማኪያቶ፤ በእያንዳንዱ ዙር ባክቴሪያው ከስኳሩ አሲድ ይሠራል፣ ጥርሱም ለማገገም ጊዜ ያጣል። አንድ ኮካ ይዞ ካፌ በረንዳ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ መጎንጨት ከምግብ ጋር አንዴ ጠጥቶ ከመጨረስ ይብሳል። በመሐል ያለውን ሻይ ያለ ስኳር ልመዱት፣ ካልሆነ ከምግብ ጋር አድርጉት። ለስላሳ እንደጠጣችሁም ወዲያው አትቦርሹ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ።

እንዲህ አድርጋችሁ ድዱ በሁለት ሳምንት መድማቱን ካላቆመ ሐኪም ይየው። ፊት ካበጠ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ፋርማሲ ገብታችሁም አሞክሳሲሊን በራሳችሁ አትግዙ፤ ሕመሙ ለጊዜው ቢታገስ እንኳን የተበላሸው ጥርስ እዚያው ነው።