የአያቶቻችንን ተረት እንዴት እንቅዳ? ከጅማ

ጅማ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ አንድ ተራኪ አይጠፋም። እኛ ግን የሚሉትን ሁሉ «ተረት ነው» ብለን እናልፈዋለን። እሳቸው ሲያርፉ ታሪኩም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ ቅዱ። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምትሰሙት ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ይሄ ጥያቄ ሁሉን ነገር ያበላሻል። መታየት ያለበት ተራኪው ራሱ ነገሩን እንዴት እንደያዘው ነው።

ሰማይና ምድር፣ ሰውና ሞት ከየት መጡ የሚለውን የሚመልስ ከሆነ ሐተታ ተፈጥሮ ነው፤ ሚት የሚሉትም አሉ። የኦሮሞ አባቶች ፍጥረት ወላቡ ከሚባል ቦታ ወጣ ይላሉ። ይሄ የእምነት ነገር ነው፣ በሳቅ አትቀበሉት። አያ ጅቦና ጦጣ ከመጡ ደግሞ ተረት ነው። «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» ተባብሎ ይጀመራል፣ «ተረቴን መልስ፣ አፌን በዳቦ አብስ» ተብሎ ያልቃል። ሆኗል ብሎ የሚከራከር የለም።

ቦታና ሰው ከተጠራ ግን አፈ ታሪክ ውስጥ ገብታችኋል፣ ጅማ ደግሞ በዚህ ሀብታም ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆቹ ከ1878 ጀምሮ የገዙ በታሪክ የታወቁ ንጉሥ ናቸው፣ ቤተ መንግሥታቸውም ጅሬን ላይ ቆሟል። የቁመታቸው ወሬ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። ሁሉንም እንዳለ ጻፉት።

የቡናውንም ነገር እዩት። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ ያየው እረኛ ካልዲ ነው ይባላል፤ ጎማ ወረዳ ጮጬ ብትሄዱ ቦታውን በጣታቸው ያሳዩዋችኋል። የእረኛው ታሪክ በ1671 ሮም በታተመ የላቲን ጽሑፍ ውስጥ አለ፣ ካልዲ የሚል ስም ግን እዚያ የለም። ስሙ በኋላ ነው የተጨመረው። አቦል፣ ቶናና በረካም የሦስት እረኞች ስም ነበር የሚሉ አሉ። ቃላቱ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ በረከት ማለት ነው። ታዲያ የእረኞቹን ታሪክ እንጣለው? በፍጹም! ሰው ለሲኒው ስም ምክንያት ፈልጎ ታሪክ መሥራቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አፈ ታሪክ እንዴት እንደሚወለድ ዓይናችሁ እያየ ያስተምራችኋል።

አሁን ወደ መቅዳቱ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ተደብቆ መቅዳት ነውር ነው። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና በርጩማ ላይ ነጠላ አጥፋችሁ አስቀምጡት፣ አለበለዚያ እንጨቱ ሲነካ ድምፁ ሁሉ ይገባል። ቡናው ተወቅጦ እስኪያልቅ ጠብቁ። የሙቀጫ ድምፅ ስንት ጥሩ ቅጂ አበላሽቶብኛል። ከአቦል በኋላ ጨዋታው ሲሞቅ ጀምሩ።

ከዚያ ዝም በሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ሲያጫውቱኝ ዓመተ ምሕረቱን አረምኩባቸው። «ካወቅከው ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ?» አሉኝና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። ያን ቀን ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጥያቄ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ፤ ከማን ሰሙት? መቼ ነው የሚነገረው? የት ነው የሆነው? የመጨረሻው ጥያቄ ዓይነቱን ለመለየት በጣም ይረዳል። «ድሮ ነው እንጂ» ካሉ ተረት ሳይሆን አይቀርም፣ በመስኮት ኮረብታ ካሳዩዋችሁ አፈ ታሪክ ነው።

አያታችሁ በኦሮምኛ ካወሩ በኦሮምኛ ጻፉት፣ አማርኛውን ከሥር አድርጉ። ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሹ፣ ሲተረጎም የቃሉ ጨዋታ ይጠፋል። ምሳሌያዊ አነጋገርም እንደዚያው ነው።

ስትጽፉ አታሳምሩ። የደጋገሙትን ደጋግሙ፣ የሳቁበትን «እዚህ ሳቁ» ብላችሁ አመልክቱ። የተራኪውን ዕድሜ፣ ቀበሌውንና ቀኑን ከላይ አስፍሩ፤ ስማቸውን ግን ከፈቀዱ ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ቅጂውን አሰሟቸው። «እሱ እኮ እንደዚህ አይደለም» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ያንንም ቅዱት።