ሰሌዳ ፊት ለሚውል ሰው ልብስ አመራረጥ

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ልብስ የምመርጠው መስታወት ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ ነበር። ከፊት አየዋለሁ፣ ከጎን አየዋለሁ፣ ካማረብኝ ለብሼው እወጣለሁ። አንድ ቀን ርዕስ ልጽፍ እጄን ወደ ሰሌዳው አናት ስዘረጋ ሸሚዜ ከሱሪዬ ተመዞ ወጣና ጀርባዬ ተጋለጠ። ከኋላ ሹክሹክታ ሰማሁ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ በግራ እጄ ሸሚዜን ወደ ታች እየጎተትኩ፣ በቀኜ እየጻፍኩ ጨረስኩት። የዚያን ቀን ስለ ክፍልፋይ ያስተማርኩት ለማንም አልገባም፤ በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩት።

ያኔ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ አስተማሪ ቆሞ የሚታይ ሰው አይደለም። ይንጠራራል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቁጢጥ ይላል፣ በወንበሮች መሃል ይሽሎከለካል። ልብሱም መፈተን ያለበት በዚያው ነው።

ስለዚህ ልብሱን ከመግዛታችሁ በፊት፣ ወይም ለነገ ብላችሁ ስታወጡት፣ መስታወት ፊት እነዚህን አድርጉ። ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፤ ሆድና ወገብ እንዳይታይ፣ ብብት ላይም እንዳይወጥራችሁ። ቀጥሎ የተማሪ ደብተር እንደምታዩ ጎንበስ በሉና አንገታችሁ ሥር ምን እንደሚታይ እዩ፤ ከፊታችሁ የተቀመጠው ልጅ የሚያየው ያንን ነው። ቁጢጥ ብላችሁ ተነሡ። ወንበር ላይ ተቀመጡና ጉርዱ የት ድረስ እንደወጣ፣ የሸሚዙ ቁልፎች መሃል ቀዳዳ እንዳልተፈጠረ አረጋግጡ። በመጨረሻ ብርሃን በሚገባበት መስኮት ፊት ቁሙ፤ ቤት ውስጥ ድፍን የመሰለ ስስ ጨርቅ መስኮት ፊት ሲሆን ውስጡን ሁሉ ያሳያል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ቀኑን ሙሉ ግን ልብሳችሁን ከማስተካከል ይገላግላችኋል።

አሁን ወደ ጫማ። እኔን ብትጠይቁኝ ከላይ እስከ ታች ከምንለብሰው ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ጫማ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ለሸሚዝና ለጃኬት አውጥተን የተረፈችውን ለጫማ እናደርጋለን። በቀን አምስትና ስድስት ክፍለ ጊዜ መቆም ቀላል አይደለም። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ እግር ያብጣል፣ ከሰዓት በኋላ ጫማው ይጠባል። ስለዚህ ጫማ የምትገዙት ከሰዓት ይሁን፣ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ላይ ላይሆን ይችላል። ሶሉ ወፈር ያለ፣ የማያንሸራትት፣ ረገጥ ሲያደርጉት ትንሽ የሚመለስ ይሁን። ታኮ የምትወዱ ካላችሁ ዝቅና ሰፋ ያለውን ምረጡ፣ ሹሉ ለሰርግ ይቆይ። ፍጹም ዝርግና ሶሉ እንደ ወረቀት የሳሳ ጫማም ቢሆን ለተረከዝ ጥሩ አይደለም። ከተቻለ ሁለት ጫማ ይኑራችሁና እያፈራረቁ መጫማት ነው፤ ላቡ የሚደርቅበት ቀን ያገኛል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ድምፅም አለ። ፈተና ላይ ክፍሉ ጸጥ ሲል የታኮ ቋ ቋ፣ የአምባር ቅጭልጭል፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ የቁልፍ ዘለላ እንዴት እንደሚሰማ አስቡት። ልጁ አንድ ጥያቄ ሊሠራ አንገቱን ደፍቶ እናንተ በአጠገቡ ባለፋችሁ ቁጥር ቀና ይላል። ሽቶም ልክ እንደዚያው ነው። ጠንከር ያለ ሽቶ አስም ያለበት ልጅ ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል፣ በተለይ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል። ንጹሕ ገላና ንጹሕ ልብስ ይበቃል።

ቀለምን በተመለከተ በጠመኔ የምትጽፉ ከሆነ ጥቁርና ድፍን ሰማያዊ ነገር ብናኙን አጉልቶ ያወጣል። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ደግሞ ሲፋተግ በሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ብናኙን ወደ ራሱ ይስባል። ጥጥ የተሻለ ነው። ብናኙን በእርጥብ እጅ አትንኩት፣ ይለጠፋል፤ ደረቁን አራግፉት ወይም በብሩሽ ጥረጉት። ጋዋን የሚለበስበት ትምህርት ቤት ከሆነ ይኼ ሁሉ ጣጣ በአንዴ ያልቃል፣ እጅጌው ግን እስከ አንጓ የሚደርስና ኪሱ ጥልቅ የሆነ ምረጡ። በማርከር የምትጽፉ ደግሞ እጅጌያችሁ ቢነካካ ሳትፈትጉ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አድርጉና በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጫን ጫን አድርጉት፤ ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል። ሳይለቅ እንዳትተኩሱት፣ ሙቀቱ ያደርቅበታል። ላብ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ግራጫ ሸሚዝ ተዉት፣ ጠብታውን ሁሉ ይናገራል። ነጭ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ይሸፍናል።

ደግሞ የምታስተምሩት ማንን እንደሆነ አስቡ። ሕፃናት የሚያስተምር ሰው ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ጉትቻው ይጎተታል፣ አፍንጫ ይጠረግበታል፤ ስለዚህ ቶሎ የሚታጠብ ልብስ፣ ጆሮ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ጉትቻ፣ ሰፋ ያለ ሱሪ። ላብራቶሪ የምትገቡ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ አውልቁ፣ ፀጉር ሰብሰብ ይደረግ፣ ጫማ ድፍን ይሁን። እሳት ባለበት ናይሎንና ፖሊስተር አይለበስም፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች ነው። በምልክት ቋንቋ የሚማር ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያየው እጃችሁን ነው፣ እጃችሁ ደግሞ የሚታየው ከደረታችሁ ላይ ነው። ሸሚዙ አበባ አበባ ወይም መስመር መስመር ከሆነ ዓይኑ ቶሎ ይደክማል። ከቆዳችሁ ቀለም የሚለይ፣ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ልብስ ልበሱ፤ ቆዳችሁ ጠቆር ካለ ነጣ ያለ፣ ነጣ ካለ ጠቆር ያለ። ከንፈር እያነበበ የሚከታተል ልጅ ካለ ደግሞ አፋችሁ በሻርፕም ሆነ ባልተከረከመ ፂም አይሸፈን። ይኼን ለማድረግ አዲስ ልብስ መግዛት አያስፈልግም፣ ካለው ውስጥ መምረጥ ብቻ ነው።

«ጥሩ መልበስ ያስከብራል ወይ?» የሚለውን ሁሌም እጠየቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሃጆ አዳምና አዳም ጋሊንስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የሐኪም ጋዋን ነው ተብለው የለበሱ ሰዎች ትኩረት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የተሻሉ ሆኑ ብለው ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሌሎች አንዱን ሙከራ ሲደግሙት ያንን ውጤት አላገኙም። እኔ ከክፍል ያየሁት፣ ልብስ የሚረዳው የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ነው። በተለይ ዕድሜያችሁ ለተማሪዎቹ የሚቀርብ ከሆነ ያን ሰሞን ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ልበሱ፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ ወይም ጉርድ። ከዚያ በኋላ የሚያስከብረው ተዘጋጅታችሁ መግባታችሁና ስማቸውን ማወቃችሁ ነው። የትምህርት ቤቱን የአለባበስ ደንብ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቁ፣ ከሰው ፊት ተጠርቶ መነገር ያሳፍራል።

ልብስ ስለማነስ አትጨነቁ። እርስ በርስ የሚሄዱ ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ ስድስት ዓይነት አለባበስ ይወጣቸዋል። ልጆች የሚያስተውሉት የታጠበና ያልታጠበ መሆኑን ነው፣ ስንት እንዳላችሁ አይቆጥሩም። እሑድ ማታ የሳምንቱን ተኩሳችሁ ስቀሉ። ጠረጴዛችሁ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ መርፌና ክር፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ አንድ ትርፍ ካልሲ፣ የሚታጠፍ ሹራብ አስቀምጡ። ዚፕ የሚበጠሰው ሁሌም ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።